መጀመሪያ እርስዎ ይዋጡት

በአሰላ ዕድሜ የጠገቡ ሰዎች ስለ ድሬሰሩ ስለ ጋሽ ኃይለመስቀል ሲያወሩ ሁለት ነገር ያነሣሉ። አንደኛው እጃቸው ነው፤ መርፌ ሲወጉ ሕፃን እንኳ የሚያለቅሰው ከተወጋ በኋላ ትዝ ሲለው ነው ይላሉ። ሁለተኛው በ1954 ዓ.ም. በስቅለት ዕለት፣ ሕዝቡ ሁሉ እህል ውሃ ሳይቀምስ ሲሰግድ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ መካከል ቆመው ጨው የተበጠበጠበት ውሃ መጠጣታቸው ነው። የመጀመሪያውን የሚመሰክር ሞልቷል። ሁለተኛውን ግን ለምን እንዳደረጉት የምናውቅ ጥቂቶች ነን። እኔ የማውቀው የጠጡት በእናቴ ፊት ስለሆነ ነው። የጠጡትም እኔ ከእናቴ እቅፍ እንዳልወጣ ብለው ነው። ያኔ የዘጠኝ ወር ሕፃን ነበርኩ፤ ታሪኩን ያገኘሁት ከእናቴና ከአባቴ፣ በኋላም ከራሳቸው ከጋሽ ኃይለመስቀል አፍ ነው።

ጋሽ ኃይለመስቀል የሁሩታ ሰው ናቸው። ዳዊት ከመድገም ያለፈ ትምህርት አልነበራቸውም። ከገበያው በላይ የነበረችው ትንሽ ክሊኒክ ስትከፈት ወለል ጠራጊ ሆነው ገቡ። ጠርሙስ እያጠቡ በጠርሙሱ ላይ የተለጠፈውን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አንድ በአንድ ይገለብጡ ነበር። ማታ ማታ ፊደሉን ከአንድ የአስተማሪ መጽሐፍ ጋር እያስተያዩ ማንበብ ቻሉ። ከስድስት ዓመት በኋላ ተፈትነው የሐኪም ረዳት፣ ድሬሰር ሆኑ። ቁጡ ነበሩ። ቶሎ ይቆጣሉ፣ ቶሎ ይስቃሉ፣ ዳዊት ሲደግሙ ቶሎ ያለቅሳሉ። ባለቤታቸው እትዬ እታገኘሁ፣ «ሦስት ባል ነው ያገባሁት፤ ሦስቱም አንድ ቤት ያድራሉ» እያሉ ያሾፉባቸው ነበር።

እናቴ ተሻለች ልብስ ሰፊ ነበረች። አባቴ ፍሰሐ ደግሞ ከመንዝ ተመድቦ የመጣ የአውራጃው ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ነበር። እኔ በተወለድኩ በሁለተኛው ወር እንቅልፍ ከእናቴ ጠፋ። ሦስት ሳምንት ቀን ከሌት ስትሰፋ ከረመች። የራሷን መጋረጃ አውርዳ ቀሚስ አደረገችው፤ የጎረቤት መጋረጃም አልቀረላትም። በገበያ ቀን ወጥታ የሰፋችውን ላገኘችው ሁሉ አደለች፤ ያላወቀችውን ሰው ሁሉ አቅፋ ሳመች። ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ጠዋት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች፣ ሁለት ወርም አልተነሣችም። እኔን ሰው አቅፎ ከጡቷ ሲያስጠጋኝ እጇን እንኳ አታነሣም ነበር።

ጠበል ወሰዷት። ጠበሉን አልነቅፍም፤ ከዚያ ስትመለስ እህል መቅመስና ስሜን መጥራት ጀምራ ነበር። በጥር ግን እንቅልፏ እንደገና ጠፋ። ይህን ጊዜ የአባቴ እናት ወለተ ማርያም ወሬው መንዝ ድረስ ደርሷቸው ደብዳቤ አጻፉ። አባቴ ደብዳቤውን እስከ ዕለተ ሞቱ አልጣለውም። «ፋሲካን እናንተ ዘንድ እውላለሁ። ሚስትህ ጤና ከሆነች እሰየው። ጤና ካልሆነች ሕፃኗን ይዤ እመለሳለሁ፤ እሷም ወደ ወላጆቿ ትሂድ» ይላል። አባቴ እናቱን እምቢ ብሎ የማያውቅ ሰው ነበር። እናቴ ደብዳቤው ሲነበብ በጓዳ በር ቆማ ሰምታለች።

የክሊኒኳ ሐኪም ዶክተር ኒልስ የሚባል ዴንማርካዊ ነበር። በአገሩ እንዲህ ላለ ሕመም የሚሰጥ ሊቲየም የተባለ መድኃኒት አለና ከጓደኛው በፖስታ አስልኮ ለእናቴ ጀመረላት። እኔን ጡት አስጣሉኝ፤ የላም ወተት ያዝኩ። ጋሽ ኃይለመስቀል በየቀኑ ከሰዓት በኋላ በዐሥር ሰዓት እየመጡ ክኒኑን ይሰጧታል። በሁለት ሳምንት ውስጥ እናቴ መተኛት ጀመረች። ቤቱ ሁሉ ተመስገን አለ። ከዚያ አባቴ የስፌት መኪናውን ሊያጸዳ ጎተት ሲያደርገው፣ ከመሳቢያው ጀርባ በጨርቅ ቁራጭ የተቋጠሩ አምስት ክኒኖች አገኘ። ወዲያው ጋሽ ኃይለመስቀል ተጠሩ።

«ምንድን ነው ይሄ?» አሉ ጨርቁን ፈትተው።

«ክኒን ነዋ» አለች እናቴ። «እርስዎ አይደሉ የሰጡኝ?»

«እንድትውጪው ነው እንጂ እንድታጠራቅሚው ነው የሰጠሁሽ?»

«ከአሁን በኋላ አልውጥም። ስውጠው ሰው አልሆንም።»

«እንዴት ሰው አትሆኚም? በልተሻል፣ ተኝተሻል። ከዚህ በላይ ሰው መሆን ምንድን ነው?»

«ልጄ ትስቃለች» አለች እናቴ፣ እኔን እያሳየች። «አያታለሁ። እየሳቀች መሆኗንም አውቃለሁ። ሳቋ ግን እዚህ አይደርስም።» ደረቷን ነካች።

«ይሄ ሐሳብሽ የፈጠረው ነው። መድኃኒቱ እንዲህ አያደርግም።»

«በምን አወቁ?»

«ሥራዬ አይደለም እንዴ!» ቁጣው መጣባቸው።

«ሥራዎ መሆኑንማ መች አጣሁት። ውጠውታል ወይ ነው የምልዎት።»

አባቴ፣ «ተሻለች፣ ኧረ ሰው አክብሪ» ቢላትም አልሰማችውም።

«እንግዲያው መጀመሪያ እርስዎ ይዋጡት» አለች። «እርስዎ የዋጡ ዕለት እኔም እውጣለሁ። እርስዎ የተዉ ዕለት እኔም እተዋለሁ።»

ጋሽ ኃይለመስቀል ያን ቀን በቁጣ በሩን ዘግተው እንደወጡ ነግረውኛል። እየሄዱ ግን ነገሩ አልለቀቃቸውም። ለስንት ሰው ስንት ክኒን በእጃቸው ሰጥተዋል፤ የአንዱን እንኳ ጣዕም አያውቁም። በማግስቱ ለዶክተሩ ነገሩት፤ ይቆጣል ብለው ሲጠብቁ ሳቀ። እሱና ጓደኞቹም ለሰው ከመስጠታቸው በፊት ራሳቸው ወስደው ነበርና። ጤነኛን ሰው ብዙም አይጎዳው፣ ውሃ ያስጠማል፣ እጅ ትንሽ ያንቀጠቅጣል፣ ምናልባትም ያደነዝዝ ይሆናል አላቸው። የሚሰማቸውን በየቀኑ እንዲጽፉለትም ለመናቸው። ከዚያ በወረቀት ላይ ጥብቅ ትእዛዝ ጻፈላቸው፤ በሽተኛዋ ውሃ በብዛት ትጠጣ፣ ከምግቧ ጨው አይጉደል። መድኃኒቱ ራሱ ከድንጋይ የሚወጣ የጨው ዘመድ ነው፤ ሰውነት የሚበላውን ጨው ሲያጣ ይህንን ይዞ አልለቅም ይላል፣ ሲጠራቀምም መርዝ ይሆናል አለ። ማስታወክ፣ መንገዳገድ፣ የምላስ መተሳሰር ከታየ ክኒኑ ይቁም።

ጋሽ ኃይለመስቀል ወረቀቱን አጥፈው በደረት ኪሳቸው ከተቱት። የእናቴም የንስሐ አባት መምሬ ካሣዬ፣ የታመመ ሰው አይጾምምና ዘንድሮ ከጾም ነፃ ነሽ አሏት።

ዐቢይ ጾም ሊገባ አንድ ሳምንት ሲቀረው ሁለቱ ጀመሩ። ዐሥር ሰዓት ላይ በእኛ ቤት ሁለት ብርጭቆ ውሃ ይቀዳል። ጋሽ ኃይለመስቀል ቀድመው ይውጣሉ።

«አፍዎን ይክፈቱ» ትላለች እናቴ።

ይከፍታሉ።

«ምላስዎን ያንሡ። እኔ የት እንደምደብቀው አውቃለሁ።»

«አንቺ ሴትዮ፣ እኔ አንቺን መሰልኩሽ?»

«ያንሡ እንጂ!»

ያነሡላታል። ከዚያ የእሷ ተራ ይሆናል። አባቴ ከዚያ ሁሉ ጭንቀት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የሳቀው፣ አንድ ጎልማሳ ድሬሰር ምላሳቸውን አንሥተው በሚስቱ ፊት ሲመረመሩ አይቶ ነው።

ጋሽ ኃይለመስቀል የጻፉበት የተማሪ ደብተር አሁን እኔ ዘንድ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት «ምንም የለም» ይላል። ቀጥሎ «ውሃ ጥም» ይላል። ጾሙ ሲገባ ጥሙ ጠንክሮባቸዋል፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ አይቀምሱምና። በዐሥረኛው ቀን ግን እንዲህ ብለው ጽፈዋል፦ «የአንድ ገበሬ የልብ ትርታ ስቆጥር አርባ ላይ ጠፋብኝ። እንደገና ጀመርኩ። እንደገና ጠፋብኝ። እንቅልፍ አልመጣብኝም፤ ንቁ ነኝ። ነገር ግን ከነገሩ በአንድ እርምጃ ወደ ኋላ ቀርቻለሁ።»

ይህ ወደ ኋላ መቅረት በሁሉም ነገር መጣባቸው። ከጎረቤታቸው የሚኖር ቱፋ የሚባል ጋሪ ነጂ ነበር፤ ፈረሱን «ሚኒስትር» ብሎ ነው የሚጠራው፣ ይበላል እንጂ አይጎትትም እያለ። የቱፋ አፍ መፍቻ ኦሮምኛ ነው፤ አማርኛውም ቢሆን እንደ ልብ ነው፣ «እርስዎ» ማለት ብቻ አይሆንለትም። አንድ ጠዋት፣ «ጋሼ፣ ሰማህ ወይ? ሚኒስትሩ ትናንት ዳገቱ ላይ ቆመና ደመወዝ ካልጨመርክልኝ ንቅንቅ አልልም አለኝ!» ይላቸዋል። ጋሽ ኃይለመስቀል በሌላ ጊዜ ሆዳቸውን ይዘው የሚስቁ ሰው፣ «ገብስ ጨምርለት» ብለውት ሄዱ። ቀልድ መሆኑ የገባቸው ክሊኒኩ በር ላይ ነው። ያን ጊዜም ገባቸው እንጂ አላሳቃቸውም።

በቤታቸውም እንዲሁ ሆነ። ወጥ ቢያር አይቆጡም፤ ልጆች ብርጭቆ ቢሰብሩ፣ «ስብርባሪው እንዳይወጋችሁ» ብለው ያልፋሉ። እትዬ እታገኘሁ በመጀመሪያው ሳምንት፣ «ይህን መድኃኒት የፈጠረውን እግዜር ይስጠው፤ ዕድሜ ልክህን ዋጠው» አሏቸው። በሦስተኛው ሳምንት ግን ከአጠገባቸው ተቀምጠው፣ «ኃይሌ፣ እስቲ አንድ ጊዜ ተቆጣኝ» ብለው ለመኗቸው።

ከሁሉ የከበዳቸው ዳዊት ነው። አንድም ቃል አልሳቱም። ነገር ግን በየጠዋቱ እንባቸው የሚመጣበት ስፍራ ላይ ሲደርሱ እንባው አይመጣም። «አላዘንኩም፣ አልተከፋሁም» ይላል ደብተሩ። «ጭላሎ ጉም ሲለብስ ተራራው እንዳለ እናውቃለን፤ አናየውም እንጂ። ጸሎቴም እንዲያ ሆኗል።»

ይህን በጻፉ ማግስት እኛ ቤት መጥተው ከመዋጣቸው በፊት ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ተሻለች፣ ልክ ነሽ» አሉ። «ሐሳብሽ የፈጠረው ነው ያልኩሽ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት። ደርሶብኛል። ሳቅ አይደርስም።»

እናቴ በኋላ ስትነግረኝ፣ በዚያ ሕመም ዘመን ሁሉ፣ እንኳን ሐኪም ባሏም «ልክ ነሽ» ብሏት አያውቅም ነበር፤ ያሏት እሳቸው ብቻ ናቸው።

«ታዲያ እንተወዋ» አለች።

«አንተወውም። ስሚኝ። እኔ ጤነኛ ነኝ፤ ስለዚህ ከእኔ ወሰደ እንጂ የሰጠኝ ነገር የለም። ካንቺ ይወስዳል፣ ላንቺ ግን ይሰጣልም። እንቅልፍሽን መልሶልሻል። አሁን የምንጠይቀው የሚወስደው እንዲቀንስ ነው።»

ደብተራቸውን ይዘው ዶክተሩ ዘንድ ሄዱ። ዶክተሩ ቁጭ ብሎ አስተርጉሞ አዳመጠና የእናቴን መጠን በግማሽ ክኒን ቀነሰው። ከሳምንት በኋላ እናቴ እኔን እያጠበች ሳለ ውሃውን በእጄ መትቼ ፊቷን አረጠብኳትና ሳቅሁ። እሷም ሳቀች። ጋሽ ኃይለመስቀል ሲመጡ በሩ ላይ ጠብቃ፣ «ዛሬ ደረሰ» አለቻቸው።

እሳቸው እዚያ ላይ ማቆም ይችሉ ነበር። ግን አብረው ሊውጡ ቃል ገብተዋል፣ አያቴ የሚመጡበት ፋሲካም ገና ነበር። ዶክተሩ በጾሙ አጋማሽ ለእረፍት ወደ አገሩ ሄደ።

አያቴ ወለተ ማርያም የመጡት በሆሣዕና ዋዜማ ነው። ክፉ ሰው አልነበሩም። ነገር ግን አንዲት የእህታቸው ልጅ በእንዲህ ያለ ሕመም ሕፃኗን ወንዝ ዳር ጥላ በመሄዷ ልባቸው የተሰበረ ነበር። እናቴን ገና ከመግቢያው ጀምሮ በዓይናቸው ይከተሏት ጀመር። የሕማማቱ ሰኞ ጠዋት እናቴ ለቁርስ ስትቀርብ አዩ።

«ጾም አይደለም እንዴ?» አሉ።

«መምሬ ካሣዬ ፈቅደውልኝ ነው እማማ። የታመመ ሰው አይጾምም ብለው።»

«እ!» አሉ አያቴ። «እንግዲያው ታመሻላ።»

እናቴ ያን ቁርስ አልጨረሰችውም። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሕማማቱን ሙሉ ጾመች። የበላች እንደሆነ ታማለች ትባላለች፤ ታማለች ከተባለች ልጇ ትወሰዳለች። በዚያ ላይ ጋሽ ኃይለመስቀል ይህንኑ ክኒን እየዋጡ እንደሚጾሙ ታውቃለች። እንዲያውም ልጃቸው ከኩፍኝ በዳነበት ዓመት በተሳሉት ስእለት መሠረት፣ በጾሙ መጨረሻ ሁለት ሳምንት ጨው የገባበት ነገር እንደማይቀምሱ ከእትዬ እታገኘሁ ሰምታለች። እሷም ጨው ተወች። ክኒኑን ከምትውጥበትና ከማታ በቀር ውሃም አልቀመሰችም። አያቴ በዚህ ልባቸው ረክቶ ለጎረቤት ሁሉ፣ «ልጄ ሚስትስ አግኝቷል፤ ጨው እንኳ አልቀመሰችም» እያሉ አወሩላት።

ጋሽ ኃይለመስቀል ይህን አልሰሙም። የራሳቸውን ስሕተትም አላዩትም። ከብዙ ዓመት በኋላ ጠየቅኋቸው፤ ወረቀቱ በኪስዎ እያለ እንዴት አልተገነዘቡትም ብዬ። «ልጄ» አሉኝ፣ «ጾም የሚፈታው ለበሽተኛ ነው። የጨውና የውሃውም ትእዛዝ የተጻፈው ለበሽተኛ ነው። እኔ ደግሞ አልታመምኩም። ያልታመመ ሰው ምን ብሎ ጾም ይፈታል? ሁለቱን አንድ ላይ ደመርኳቸው። መድኃኒቱ ግን ጤነኛና በሽተኛ አይለይም ነበር።»

ጸሎተ ሐሙስ ዕለት ከክሊኒክ ሲወጡ መንገዱ ወዲህና ወዲያ አለባቸው። አንድ ግንድ ተደግፈው አስታወኩ። ቱፋ ከጋሪው ላይ አያቸው።

«ዋይ ጋሼ! ማል ታቴ? ምን ሆንክ? በሕማማት ጠጣህ?»

«አል... አልጠጣሁም» አሉ፣ ምላሳቸው ተሳስሮ።

«እሺ አልጠጣህም። እኔም ፈረስ የለኝም» አለ ቱፋ። ሰው ሳያያቸው አንሥቶ ጋሪው ላይ አስተኛቸውና በራሱ ጋቢ ከራስ እስከ እግራቸው ሸፍኖ ቤታቸው አደረሳቸው። እትዬ እታገኘሁ አፋቸውን ቢያሸቱ የአረቄ ሽታ የለም። አስተኟቸው። ክኒኑንም ያን ቀን አልዋጡም፤ እናቴ በዐሥር ሰዓት ውሃ ቀድታ ብትጠብቅ ቀሩባት።

በስቅለት ጠዋት ባሰባቸው። እጃቸው እንደ ቅጠል ይርገፈገፋል። ቱፋ ሊጠይቃቸው መጥቶ በራፉ ላይ ቁጭ ብሎ አያቸው።

«ሰው ባትሆን አድንህ ነበር» አለ። «እኛ አገር ከብት እንዲህ ሲደነዝዝና ሲንገዳገድ ጨው ነው የምናልሰው።»

ጋሽ ኃይለመስቀል ከመኝታቸው ቀና አሉ። እጃቸው ወደ ደረት ኪሳቸው ሄደ። ወረቀቱን አወጡት፤ ፊደሉ ቢደበዝዝባቸውም ማንበብ አላስፈለጋቸውም።

«እታገኘሁ፣ ተሻለች... ጾማለች?»

«ተሻለችማ! አማቷ በሰፈሩ ሁሉ እያመሰገኗት አይደል? ሳምንቱን ሙሉ ጨው አልቀመሰችም አሉ።»

«ጨውና ውሃ» አሉ። «በጠርሙስ። ቱፋ፣ ጋሪውን!»

እትዬ እታገኘሁ ጨውና ውሃ በጥብጠው በክሊኒክ ጠርሙስ ሰጧቸውና፣ «መጀመሪያ አንተ ጠጣ» ቢሏቸው አሻፈረኝ አሉ። እሷ በሽተኛ ናት፣ ተፈቅዶላታል። እኔ እስከ ማታ እታገሣለሁ አሉ። ቱፋም ሚኒስትሩን አስነሣ። ያን ቀን ፈረሱ ዳገቱ ላይ አልቆመም፤ ይህንን ቱፋ እስኪሞት ድረስ በኩራት ይናገር ነበር።

የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ በሰው ሞልቷል። እናቴ በሴቶቹ በኩል ከአያቴ አጠገብ ቆማ ትሰግድ ነበር። ጋሽ ኃይለመስቀል በቱፋ ትከሻ ተደግፈው ሲደርሱ፣ እናቴ ከስግደቱ ስትነሣ በሁለት እጇ መሬቱን ተደግፋ፣ አንድ ጊዜ ወድቃ፣ በሁለተኛው ነው የተነሣችው። አያቴ ይህን ለድካም ቆጥረውት ነበር።

«ተሻለች» አሉ ጋሽ ኃይለመስቀል ጠርሙሱን ዘርግተው። «ይህን ጠጪ።»

አያቴ ዘወር አሉና አዩዋቸው። «ጌታ በተሰቀለበት ቀን! ሰክረህ ነው አንተ ሰው?»

«ጨውና ውሃ ነው። ትጠጣ። አለዚያ ትወድቃለች።»

እናቴ ጠርሙሱን አየች፣ አያቴን አየች። ጠጋ ብላ፣ «በእሳቸው ፊት?» አለች በሹክሹክታ። «ከጠጣሁ ታማለች ይሉኛል። ሁለት ቀን ነው የቀረኝ። እርስዎም እየዋጡ ጾመው የለም? እኔም እንደ እርስዎ ጤነኛ ነኝ።»

«እኔን እይኝ» አሉ ጋሽ ኃይለመስቀል፣ እጃቸውን ዘርግተው። እጃቸው ይንቀጠቀጣል። «ይህቺ ያቺ የምታውቂያት እጄ ናት? ተሳስቼ ነው የጾምኩት። አንቺንም አሳሳትኩሽ።»

እናቴ የራሷን እጅ ከነጠላዋ አውጥታ ከእጃቸው አጠገብ ዘረጋችው። ሁለቱ እጆች እኩል ተንቀጠቀጡ። ከዚያ ለሁለት ወር ያህል ስትላቸው የነበረውን ቃል አለቻቸው።

«እንግዲያው መጀመሪያ እርስዎ።»

ጋሽ ኃይለመስቀል ከሕፃንነታቸው ጀምሮ በስቅለት ቀን ከማታ በፊት ጠብታ ውሃ በጉሮሯቸው አልፎ አያውቅም። ወደ መቅደሱ ዞረው አማተቡ። ጠርሙሱን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ግማሹ በካፖርታቸው ላይ እየፈሰሰ፣ ጠጡ። በአቅራቢያው ያለው ሰው ሁሉ ስግደቱን አቋርጦ አያቸው። አንዲት ሴት «በስማም!» አለች። ጠርሙሱን ለእናቴ ሰጧት፤ እሷም ጠጣች።

ሹክሹክታውን የሰሙት መምሬ ካሣዬ መስቀላቸውን ይዘው መጡ። ጋሽ ኃይለመስቀል በተሳሰረ ምላሳቸው ስለ ጨው፣ ስለ መድኃኒቱና ስለ ስሕተታቸው ነገሯቸው። መምሬ ጠርሙሱን ተቀብለው ወደ ብርሃን አንሥተው አዩት።

«ቀርቷል» አሉ። «ጨርሱት።»

«አባቴ፣ ቀኖናዬስ?» አሉ ጋሽ ኃይለመስቀል።

«አርባ ስግደት። ግን ዛሬ ብትሰግድ ተደፍተህ ትቀራለህ፣ ከፋሲካ በኋላ ደግሞ እስከ ሃምሳው ቀን ስግደት የለም። ከጰራቅሊጦስ በኋላ ትከፍላለህ፤ እኔ አልረሳልህም።» ቱፋ ከኋላ ሆኖ ሳቁን በጋቢው ጫፍ አፈነ።

አያቴ ይህን ሁሉ ቆመው ሲያዩ እናቴን በክንዷ ያዟት።

«ልጅሽን እወስዳለሁ ብዬ ማጻፌን ሰምተሻል አይደል?» አሏት።

«ሰምቻለሁ እማማ።»

«እያወቅሽ በፊቴ ጠጣሽ?»

«ባልጠጣ እወድቃለሁ» አለች እናቴ። «እኔ ከወደቅሁ እሷን ማን ያነሣታል?»

አያቴ የራሳቸውን ነጠላ አውልቀው እናቴን ደረቡላትና በቱፋ ጋሪ አብረዋት ወደ ቤት መጡ። ያን ቀን ማታ እናቴ ሾርባ ስትጠጣ፣ ጨው በጣታቸው እየቆነጠሩ የጨመሩላት እሳቸው ናቸው። ፋሲካን ዋሉ፣ ዳግም ትንሣኤን ዋሉ፣ ከዚያም ብቻቸውን ወደ መንዝ ተመለሱ። ሊወጡ ሲሉ አባቴን ጠርተው፣ «እኔ የፈራሁት ሕመሟን የማታውቅ ሴት ነበር። ይህቺ ታውቃለች» አሉት። በየዓመቱም ለእናቴ አንድ እሽግ አሞሌ ጨው ይልኩላት ነበር።

ክኒኑ ለሁለቱም ቆመ። እናቴ ከሁለት ሳምንት በኋላ በትንሹ ቀጠለች፣ ለብዙ ዘመንም ወሰደችው። ሁለት ጊዜ ሕመሙ ተመልሶባታል፤ ሁለቱንም ጊዜ ራሷ ቀድማ አውቃ ክሊኒክ ሄደች። ከእቅፏ አልወጣሁም፤ እስክዳር ድረስ ልብሴን የሰፋችው እሷ ናት። ዶክተሩ ሲመለስ ደብተሩን አስነብቦ በጣም ተቆጣ ይላሉ። ከዚያ በክሊኒኳ ግድግዳ ላይ በጋሽ ኃይለመስቀል እጅ የተጻፈ ወረቀት ተለጠፈ፤ ይህን ክኒን የሚወስድ ሰው፣ በሽተኛም ይሁን ጤነኛ፣ ጾም ከመግባቱ በፊት መጥቶ ይንገረን ይላል።

ጋሽ ኃይለመስቀል አርባውን ስግደት በሰኔ ከፍለዋል። ደብተሩን ለእኔ የሰጡኝ ሊሞቱ ዓመት ሲቀራቸው ነው። የመጨረሻው ገጽ የተጻፈው ከፋሲካ በኋላ በሁለተኛው ሳምንት ነው፤ እጃቸው ገና ስላልጸና ፊደሉ ጠማማ ነው።

«ማክሰኞ። ጠዋት ዳዊት ስደግም እንባዬ መጣ። ወደ ሥራ ስሄድ ስለ ሚኒስትሩ ደመወዝ ትዝ አለኝና መንገድ ላይ ብቻዬን ሳቅሁ። ቱፋ አይቶኝ ደነገጠ። ማታ እታገኘሁን በወጥ ተቆጣኋት፤ አቅፋ ሳመችኝ። እግዚአብሔር ይመስገን።»